ከሰኞው በፊት የነበረው ቅዳሜ፦ የአፄ ቴዎድሮስ ሕይወትና ራስን ማጥፋትን የመከላከል ሥልጠና

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጥናት የዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስን ሕይወት፣ በተለይም በመቅደላ ያሳለፏቸውን የመጨረሻ ቀናት፣ ራስን ማጥፋትን ከመከላከል ሥልጠና ጋር አያይዞ ይመረምራል። ጥናቱ ዜና መዋዕሎችን፣ የዘመቻ ዘገባዎችንና የኋለኛ ዘመን የታሪክ ድርሳናትን አገናዝቦ በማንበብ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ለንጉሡ የአእምሮ ሕመም ስያሜ ለመስጠት አይሞክርም። ዋና መከራከሪያው ሕዝቡ የሚያስታውሰው የሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሞት ከሁለት ቀን በፊት በነበረው ቅዳሜ አጠገባቸው በነበሩ ሰዎች ተከልክሎ እንደነበር፣ ይህም የታሪኩ ክፍል ተዘንግቶ መቅረቱ ለመከላከል ሥራ ጉዳት እንዳለው ማሳየት ነው። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ለማኅበረሰብ አባላትና ለመሥሪያ ቤቶች የሚዘጋጅ ሥልጠና ታሪኩን ከመሸሽ ይልቅ ሙሉውን ቢናገር እንደሚጠቀም ጥናቱ ያመለክታል።

ቁልፍ ቃላት፦ አፄ ቴዎድሮስ፣ መቅደላ፣ ራስን ማጥፋትን መከላከል፣ የማኅበረሰብ ሥልጠና፣ ደቡብ ወሎ

1. መግቢያ

ከበሽሎ ሸለቆ በላይ የቆመው የመቅደላ አምባ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ከአንድ ሞት ጋር ተቆራኝቶ ይኖራል። ስሙ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎቹ ለሚያስተምረው ዩኒቨርሲቲም መጠሪያ ሆኗል። በዚህ ደጋ ራስን ማጥፋትን ስለመከላከል ሊያሠለጥን የሚነሣ ባለሙያ ተሳታፊዎቹን ስለ ጉዳዩ ምንም ሳይሰሙ አያገኛቸውም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙት ያደጉት፣ በትምህርት ቤት የተማሩት፣ በሥዕልና በተውኔት ያዩት አንድ ታላቅ ታሪክ አለ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሥልጠናው ራስን ማጥፋት ሊከላከሉት የሚቻል ሞት መሆኑን ያስተምራል። በተለምዶ የሚነገረው ታሪክ ግን ይህንኑ ሞት አማራጭ ያልነበረው የክብር ፍጻሜ አድርጎ ያቀርባል። አሠልጣኙ ታሪኩን ቢያልፈው ተሳታፊው በልቡ ያነሣዋል፤ ቢነቅፈው ደግሞ የሚወደድን ንጉሥ ያዋረደ ይመስላል። ይህ ጥናት ሦስተኛ መንገድ ይጠቁማል፤ እርሱም የንጉሡን ሕይወት ከመጨረሻዋ ደቂቃ ብቻ ሳይሆን ወደዚያች ደቂቃ ካደረሱት ዓመታትና ቀናት ጋር አያይዞ መተረክ ነው።

2. ከቋራ እስከ ደረስጌ

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ከአካባቢው ባላባቶች ወገን ሲሆን በልጅነቱ ሞተበት። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ችግር ላይ መውደቋና ኮሶ ሸጣ ልጇን እንዳሳደገች የሚነገረው ወሬ ኋላ በጠላቶቹ አፍ መሰደቢያ ሆኖበታል። ለትምህርት የገባበት ገዳም ሲወረር ከጥፋቱ ካመለጡት ልጆች አንዱ እርሱ ነበር። ከዚያ በኋላ በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት አደገ፤ ክንፉ ሲሞት ግን ውርሱን ሌሎች ወሰዱትና በረሃ ወርዶ ሸፈተ።

የሽፍትነቱ ዘመን ብዙ ተከታይ ስላፈራለት እቴጌ መነንና ልጃቸው ራስ ዓሊ በጋብቻ ሊያስሩት ወሰኑ። በ1840 ዓ.ም. አካባቢ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን አገባ። ጋብቻው ፖለቲካዊ ስሌት የነበረው ቢሆንም በሁለቱ መካከል የጸናው ፍቅርና መተማመን በዘመኑ ጸሐፊዎች ዘንድ ተመስክሯል። በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ ከግብፅ ሠራዊት ጋር ገጥሞ ተሸነፈ፤ ቆስሎም ተመለሰ። በሕመሙ ጊዜ ከአማቶቹ ቤት የደረሰበት ንቀት ለዳግም ሽፍትነቱ አንዱ ምክንያት እንደሆነ ይተረካል፤ ተዋበችም ከወላጆቿ ይልቅ ከባሏ ጎን ቆመች።

ከዚያ በኋላ ድሉ ተከታታይ ነበር። በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር በአይሻል ራስ ዓሊን ድል አደረገ። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን አሸነፈ፤ ከሁለት ቀን በኋላም እዚያው ደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ። ስቬን ሩቤንሰንና ባሕሩ ዘውዴን የመሳሰሉ የታሪክ ምሁራን እንደሚያስረዱት ይህ ዕለት የዘመነ መሳፍንት ማብቂያ ተደርጎ ይቆጠራል።

ለዚህ ጥናት ከድሎቹ ይልቅ የሚጠቅመው የሰውዬው አነሣሥ ነው። አባቱን በልጅነቱ ያጣ፣ በእናቱ ድህነት የተሰደበ፣ ውርሱን የተነጠቀና በሽንፈቱ ጊዜ የተናቀ ሰው ይህን ሁሉ አሸንፎ ወጥቷል። ስለዚህ የመቅደላውን ሞት ከጥንት የነበረ የባሕርይ ድክመት ውጤት አድርጎ ማየት ከሕይወቱ ጋር አይጣጣምም። መከራን ተቋቁሞ የማለፍ አቅም በእርሱ ዘንድ በተግባር የታየ ነው። መመለስ ያለበት ጥያቄ በኋለኞቹ ዓመታት ያንን አቅም ምን እንዳሟጠጠው ነው።

3. የማጣት ዓመታት

ንጉሠ ነገሥቱ በዘውዳቸው የመጀመሪያ ዓመት ወሎ ዘምተው የመቅደላን አምባ ያዙ፤ ሸዋንም አስገብረው ወጣቱን ምኒልክን ወሰዱ። አምባው ግምጃ ቤት፣ ምሽግና እስር ቤት ሆነ። ደመወዝ የሚከፈለው ሠራዊት የማቋቋም፣ የባሪያ ንግድን የመከልከልና የቤተ ክርስቲያንን መሬት የመቀነስ ዕቅዳቸው ግን ከብዙ ወገን ጋር አጋጫቸው። በ1848 ዓ.ም. ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት ይበቃሉ ማለታቸው የካህናቱን ድጋፍ አሳጣቸው።

በ1850 ዓ.ም. እቴጌ ተዋበች ዐረፉ። በ1852 ዓ.ም. ወዳጃቸው የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን ተገደለ፤ ብዙም ሳይቆይ ከጎናቸው የማይለየው ጆን ቤል ንጉሡን ሲከላከል ወደቀ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሳይፈሩ ሊመክሯቸው የሚችሉ ሦስት ሰዎች ከአጠገባቸው ጠፉ። የታሪክ ጸሐፊዎች ቁጣቸው መበርታቱንና ቅጣታቸው መክፋቱን ከዚህ ጊዜ ጋር ያያይዙታል። ቀጥሎ ያገቧቸው የደጃዝማች ውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ ልዑል ዓለማየሁን ቢወልዱላቸውም ትዳሩ የመጀመሪያውን ቦታ አልተካም።

በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ምላሽ ሳያገኝ ቀረ። በዚህ የተነሣ በ1856 ዓ.ም. ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ፤ በ1858 ዓ.ም. የመጣው መልእክተኛ ራሳምም ውሎ አድሮ ከእስረኞቹ ተቀላቀለ። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ በወሎዋ ገዥ በወርቂት ምድር አልፎ ሸዋ ገባ። ንጉሡ በቁጣ ከገደሏቸው እስረኞች መካከል የወርቂት ልጅ ይገኝበታል። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘርፋ ተቃጠለች። ሠራዊቱ በየጊዜው እየከዳ ተመናመነ፤ የሚታዘዝላቸውም ግዛት ከደብረ ታቦርና ከመቅደላ ዙሪያ የማያልፍ ሆነ።

ይህን ክፍል ሳይሸፍኑ መናገር ያስፈልጋል። በወሎ የንጉሡ ትዝታ የተከፈለ ነው፤ ለአንዱ የአንድነት አባት፣ ለሌላው ቤተሰቡን ያጠፋ ዘማች ናቸው። በሥልጠና አዳራሽ ሁለቱም ትዝታ ያላቸው ሰዎች አብረው ይቀመጣሉ። የሰውን ሥቃይ መረዳት ያደረሰውን በደል መሰረዝ አይደለም፤ በደሉም ሥቃዩን ሐሰት አያደርገውም።

4. ወደ መቅደላ

በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት የአውሮፓ ባለሙያዎችና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች መድፍ ያቀልጡ ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ የዚህ ሥራ ውጤት ነው። መስከረም 30 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፎቹን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገዱን ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ጭምር እያስጠረጉ፣ ዋድላንና ደላንታን አቋርጠው በሽሎን ተሻግረው በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሱ። ጉዞው ስድስት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። በዚያው ጥቅምት የቀቧቸው አቡነ ሰላማ በመቅደላ እስር ላይ እንዳሉ ዐረፉ።

በሌላ በኩል ጄኔራል ናፒየር ከዙላ ተነሥቶ በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ በኩል እየገሠገሠ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሠራዊትና 44 ዝሆኖች ይዞ ሲያልፍ የየአካባቢው ገዥዎች አላገዱትም፤ ጥቂቶቹም ስንቅ ሸጡለት። ይህም ለንጉሡ የመገለላቸው የመጨረሻ ማረጋገጫ ሆነ።

5. ከጸሎተ ሐሙስ እስከ ማዕዶት

በ1860 ዓ.ም. የመቅደላው ፍጻሜ ከሰሙነ ሕማማት ጋር ገጠመ። በጸሎተ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2 ቀን፣ በእስላምጌ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞች በንጉሡ ትእዛዝ ተገደሉ። በማግሥቱ ስቅለት ከሰዓት በኋላ ሠራዊታቸው በእሮጌ ሜዳ ከእንግሊዞች ጋር ገጠመ። በእንግሊዞች ግምት ከኢትዮጵያውያኑ ወደ 700 የሚጠጉ ሞቱ፤ ከሟቾቹ አንዱ ንጉሡ እጅግ የሚወዱት ፊታውራሪ ገብርዬ ነበር።

ቅዳሜ ሚያዝያ 4 ቀን፣ ቀዳም ሥዑር፣ ንጉሡ ከእስረኞቹ ሁለቱን ከአማቻቸው ከደጃዝማች ዓለሜ ጋር ለዕርቅ ላኩ። ናፒየር ለንግሥቲቱ እጃቸውን እንዲሰጡ የሚጠይቅ መልስ ላከ። የዘመቻውን ታሪክ የጻፉ ሰዎች እንደዘገቡት፣ ንጉሡ ምሬት የሞላበትን ምላሽ ካስጻፉ በኋላ በዚያው ቀን ራሳቸውን ለማጥፋት ሞከሩ። አጠገባቸው የነበሩ መኳንንት ግን ደርሰው ታገሏቸው፤ መሣሪያውንም ነጠቋቸው። ንጉሡ ተረፉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይበልጥ ልብ ሊባል ይገባዋል። ከመኳንንቱ ገሚሶቹ እስረኞቹ ይገደሉ ቢሉም ንጉሡ ምክሩን አልተቀበሉም፤ በዚያው ምሽት ራሳምንና ብዙዎቹን አውሮፓውያን በሰላም ሰደዱ። በትንሣኤ እሑድ ደግሞ ለእንግሊዙ ሰፈር የበዓል ላምና በግ ላኩ። ስጦታው የተቀበሏቸው መስሏቸው ለጊዜው ተስፋ አደረጉ። ቅዳሜ ሞትን የፈለጉት ሰው እሑድ ዕርቅና ሕይወትን ይሹ ነበር። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያስረዱት ጠባይ ይኸው ነው፤ ሰውየው የሚፈልገው ከሥቃዩ መገላገልን ነው፤ የመሞትና የመኖር ፍላጎቱም ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ስጦታው ተመለሰ። ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ተከታዮቻቸውን ከግዴታቸው አሰናበቱ፤ አብዛኛው ሠራዊት ወርዶ እጁን ሰጠ። ከሰዓት በኋላ አምባው ሲጠቃ ከአጠገባቸው የቀሩት ጥቂቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በበሩ ላይ ወደቁ። ቅዳሜ የከለከሏቸው እጆች ሰኞ በስፍራው አልነበሩም። ንጉሡ በገዛ እጃቸው ሞቱ፤ በመቅደላ መድኃኔ ዓለምም ተቀበሩ። እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዞች ጋር በተመለሱበት መንገድ ዐረፉ። ልዑል ዓለማየሁ ገና ሰባት ዓመት አልሞላውም ነበር፤ በባዕድ አገር አድጎ በ1872 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሞተ። ሞቱ በዚያች ሰዓት አላበቃም፤ ከኋላ የቀረ ልጅ ሙሉ ዕድሜውን ተሸክሞታል።

6. የተነገረውና የተዘነጋው

በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ንጉሡን የአንድነትና የሥልጣኔ ምልክት አድርጎ አነሣቸው። የብርሃኑ ዘሪሁን የቴዎድሮስ ዕንባ፣ የአቤ ጉበኛ አንድ ለናቱ፣ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች ከዚህ ሥራ የሚቆጠሩ ናቸው። በሕዝብ ትዝታ ውስጥ ግን ከሙሉ ሕይወታቸው ይልቅ የሰኞዋ ቅጽበት ገንና ወጣች። ቀዳም ሥዑርና የትንሣኤው ስጦታ ከብዙ ሰው ትረካ ወጡ። እነርሱ ሲወጡ ሞቱ አንድ ጊዜ የተወሰነ፣ ማንም ሊመልሰው የማይችል ዕጣ መሰለ።

አተራረክ በሕይወት ላይ ለውጥ ያመጣል። ዴቪድ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት ራስን የማጥፋት ወሬ በጋዜጦች ጎልቶ ከወጣ በኋላ ተመሳሳይ ሞት እንደሚጨምር አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 በኦስትሪያ የተደረገ ጥናት ደግሞ ቀውስን ተቋቁመው ያለፉ ሰዎች ታሪክ ሲዘገብ ሞቱ ቀንሶ መታየቱን አመልክቷል። በዚህ መሠረት የመቅደላ ታሪክ በራሱ ሁለት ትረካዎችን ይዟል፤ የሰኞው የሚያስከትል፣ የቅዳሜው የሚያድን ነው።

7. ለሥልጠናው የሚኖረው ፋይዳ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ለሞት የሚያበቁ ነገሮችን ከእጅ ማራቅን፣ ከመገናኛ ብዙኃን ጋር በኃላፊነት መሥራትን፣ የወጣቶችን የሕይወት ክህሎት ማዳበርን፣ ተጋላጮችን ቀድሞ ለይቶ መርዳትንና መከታተልን አራት ዋና ተግባራት አድርጎ አስቀምጧል። ሐኪም ላልሆኑ የቅርብ ሰዎች የሚሰጠው ሥልጠና በተለይ የመጨረሻውን ያገለግላል፤ ምልክቱን ማየት፣ በግልጽ መጠየቅ፣ ሳይፈርዱ ማዳመጥና ወደ እርዳታ ማድረስን ያስተምራል። ስለ ጉዳዩ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይጭርም፤ ይልቁንም ለተጨነቀው ሰው የመናገር ፈቃድ ይሰጠዋል።

ቀዳም ሥዑር ለዚህ ሥልጠና ሦስት ትምህርት ይሰጣል። የመጀመሪያው፣ የከለከሏቸው ሰዎች ሐኪሞች አለመሆናቸው ነው፤ የሥራ ባልደረቦቻቸውና ታዛዦቻቸው ነበሩ። የሚያስፈራን አለቃ እንኳ አጠገቡ ያለ ሰው ሊያድነው ይችላል። በመሥሪያ ቤት የሚሰጥ ሥልጠና ለበታች ሠራተኛ ብቻ የሚታሰበው በስሕተት ነው፤ ማንም ደፍሮ የማይጠይቀው ኃላፊም ከተጋላጮቹ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው፣ መሣሪያውን መንጠቅ ጊዜ መግዛት መሆኑ ነው። ንጉሡ በተገዛላቸው ጊዜ የሰዎችን ሕይወት አተረፉ፤ ዕርቅም ፈለጉ። በስሪላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑ የተባይ ማጥፊያ ኬሚካሎች ደረጃ በደረጃ ከታገዱ በኋላ ራስን በማጥፋት የሚሞተው ሰው ቁጥር በእጅጉ መቀነሱ የዚሁ ማስረጃ ነው። ለገበሬው ደጋ ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ኬሚካሉ ተቆልፎ፣ ጠመንጃውም በቤተ ዘመድ እጅ ይቆይ።

ሦስተኛውና ከባዱ፣ አንድ ጊዜ መከልከል አለመብቃቱ ነው። ከሙከራ በኋላ ያሉት ቀናትና ሳምንታት ከሁሉ ይበልጥ አደገኛ ናቸው። በአምስት አገሮች ከሙከራ በተረፉ 1,867 ሰዎች ላይ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት፣ አጭር ምክርና ለአሥራ ስምንት ወራት ተከታታይ ጥየቃ ካገኙት መካከል ራሳቸውን ያጠፉት 0.2 በመቶ ሲሆኑ፣ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት መካከል 2.2 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው ውድ መድኃኒት ሳይሆን የሰው ጥየቃ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ጥየቃ ወሎ የራሱ መዋቅር አለው። ቅሬው ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለሐዘንተኛ ቤት ይሰበሰባል፤ ወዳጃው ለዱአ ያገናኛል፤ የንስሐ አባቱና ሼኹ ከቤት ቤት ይገባሉ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም የየቤቱን ደጃፍ ታውቃለች። በቡታጅራ 10,468 ጎልማሶች ተጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ጥናት 3.2 በመቶዎቹ በሕይወት ዘመናቸው ሙከራ ማድረጋቸውን ያሳያል፤ ስለዚህ ብዙ አባላት ባሉት ቅሬ ውስጥ ዝም ያለ ተጎጂ መኖሩ የሚጠበቅ ነው። ዝምታውን የሚያጸናው ነውርና የፍትሐት መከልከል ፍርሃት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሌላውን ለዚህ የሚያነሣሣን ወይም የሚረዳን ይቀጣል እንጂ ሞክሮ የተረፈውን ለመቅጣት የወጣ አይደለም፤ ይህን ማወቅ ብቻ እንኳ ብዙ ቤተሰብ ተጎጂውን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲያመጣ ሊያደፋፍር ይችላል።

የንጽጽሩ ወሰንም መታወቅ አለበት። ንጉሡ በጦር ተከበው ነበር፤ የቅርብ ሰው ጥየቃ የናፒየርን መድፍ አያቆምም። በዕዳ፣ በትዳር ጠብ ወይም በሕመም የተጨነቀ ገበሬ፣ ተማሪ ወይም ሠራተኛ ግን በጠላት ጦር አልተከበበም፤ ለእርሱ የሚከፈቱ በሮች ከንጉሡ ይልቅ ብዙ ናቸው። ስለዚህ የመቅደላውን ፍጻሜ ለራሱ ኑሮ ምሳሌ አድርጎ መውሰድ በታሪክም ረገድ ስሕተት ነው።

8. ማጠቃለያ

የአፄ ቴዎድሮስ ሕይወት ከአንድ ቅጽበት ይሰፋል። ውርደትን ደጋግመው ያሸነፉ ሰው በተከታታይ ማጣት፣ በመገለልና በሽንፈት ተዳክመው ለሞት ሲቀርቡ አንድ ጊዜ በሰው እጅ ተመልሰዋል፤ ተመልሰውም ዕርቅ ፈልገዋል። በምዕራብ ደቡብ ወሎ የሚዘጋጅ ሥልጠና ይህን ቅዳሜ ከሰኞው ጋር አብሮ ቢተርክ የንጉሡን ክብር ሳይነካ ሞቱን ከአርአያነት ያወጣዋል። ከተሳታፊዎቹ መካከል በዚያው ሰሞን የተጨነቀ ሰው ሊኖር ስለሚችልም፣ አሠልጣኙ የአሟሟቱን ዝርዝር ትቶ በቅርብ ያለውን የጤና ጣቢያና ሊጠየቅ የሚችለውን ሰው ማንነት ከመድረኩ ላይ መናገር ይኖርበታል። ከሥልጠናው በኋላ ሊለካ የሚገባውም የተሳታፊዎቹ ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ከሙከራ የተረፈ ሰው ቤት በሁለተኛው፣ በሰባተኛውና በአርባኛው ቀን ማን እንደሄደ ጭምር ነው።